የአንድ ቆርቆሮ ሁለት ዋጋ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን መጀመሪያ የተሰጠኝ ነገር የቆዳ ጓንት ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በገንዘብ ያዥነት ተቀጥሬ፣ የሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማዬን በላስቲክ አስለብጬ፣ ቀሚሴን አስተኩሼ ነው የሄድኩት። ጓንቱን የሰጡኝ የመጋዘኑ ኃላፊ አያ ቸኮል ናቸው።

«ገንዘብ ያዥ ጓንት ምን ያደርግላታል?» አልኳቸው።

«ቆርቆሮ ዲፕሎማ አያነብም» አሉኝ።

ጓንቱን ወንበር ላይ ትቼ ገባሁ። ረፋዱ ላይ ቆርቆሮ የቆረጠው ሁለት ጣቴ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። አያ ቸኮል ጓንቱን አንስተው እንደገና ሰጡኝ።

የመደብሩ ልማድ እንዲህ ነው፤ አዲስ ሠራተኛ የትም ከመቀመጡ በፊት አንድ ሳምንት መጋዘን ይውላል። በዚያ ሳምንት ፌሮ በውፍረቱ፣ ምስማር በኪሎ፣ ቀለም በጋሎን፣ ሲሚንቶ በኩንታል እንደሚሸጥ ተማርኩ። የቆርቆሮ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። ባለ ሠላሳ ሁለቱ ጌጅ ወፍራም ነው፤ ባለ ሠላሳ አምስቱ ስስ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። ባላገሩ ይህን ከእኔ በፊት ያውቅ ነበር፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ «ይኸ ስሱ ነው፣ ወፍራሙን አውጪው» ይለኝ ነበር።

በሳምንቱ የገንዘብ መቀበያው መስኮቴ ላይ ተቀመጥኩ። የሽያጩ ሥርዓት ቀላል ነው። ደንበኛው ለሻጩ የሚፈልገውን ይነግራል። ሻጩ በካርቦን ሦስት ቅጂ ማዘዣ ይጽፋል። ማዘዣው ወደ እኔ ይመጣል፤ ገንዘቡን ተቀብዬ «ተከፍሏል» የሚል ማኅተም እመታበታለሁ። ደንበኛው በዚያ ማኅተም መጋዘን ሄዶ እቃውን ያስጭናል። ያለ እኔ ማኅተም አንዲት ምስማር ከግቢ አትወጣም። ለሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ይህ ትልቅ ሥልጣን ነበር።

የመደብሩ ባለቤት አቶ ይግዛው ይባላሉ፤ እኛ ሠራተኞቹ ጋሼ እንላቸዋለን። ስለ እሳቸው ክፉ ለመናገር አልተነሳሁም። ጾማቸውን የማያጓድሉ፣ ሠራተኛ ሲታመም ቤቱ ድረስ የሚሄዱ ሰው ናቸው። በምስማር ሚዛን ላይ ጣት የሚያሳርፍ ሻጭ ካዩ የዚያኑ ዕለት ያባርራሉ። አንድ ጊዜ ሻጩን እያባረሩ ሳለ «ሚዛን የእግዜር ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ጨመሩ፦ «ዋጋ የእኔ ነው።»

ያን ጊዜ ሁሉም ሰው በጥሬ ገንዘብ ይከፍል ስለነበር የዋጋ ነገር አያነጋግርም። ለአምስቱም ለአሥሩም ሰው አንድ ዋጋ ነው። ባላገሩ ይከራከራል፣ ከተሜው ይከራከራል፣ ጥቂት ይቀነስለታል፣ ያልቃል።

ከዚያ ገንዘብ በስልክ መሄድ ጀመረ። መስኮቴ ላይ የመደብሩ ስልክ በሲባጎ ታስሮ ተቀመጠ። አንድ ሰው ወደ መደብሩ ሒሳብ ገንዘብ ሲያስገባ ያ ስልክ መልእክት ይቀበላል፤ መልእክቱን አይቼ ማኅተም እመታለሁ። መጀመሪያ በዚህ የከፈሉት ደመወዝተኞች ናቸው። በማኅበር ተደራጅተው ቤት የሚሠሩ መምህራን፣ ነርሶች፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ መስኮቴ ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው «በባንክ ለሚከፍል በቆርቆሮ ሃያ ብር ጨምሪ» አሉኝ።

«ለምን ጋሼ?»

«ባንክ ያለ ብር ብር አይደለም፤ የብር ወሬ ነው። አዲስ አበባ ያለው አቅራቢ በእጁ ካልቆጠረ አይጭንልኝም። እኔ ደግሞ ከባንክ ለማውጣት ቀን ይፈጅብኛል።»

እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ ባንክ ተልኬ ከጠዋት እስከ ምሳ ወረፋ ጠብቄ አውቃለሁ።

«የዋጋ ዝርዝሩ ላይ ላስገባው?» አልኳቸው።

«በቃልሽ ተናገሪ እንጂ እንዳትጽፊ። ወረቀት እግር አለው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንበኛ መስኮቴ ጋ ሲደርስ «በምንድን ነው የሚከፍሉት?» ማለት ሥራዬ ሆነ። ጥያቄው ሲሰሙት የትሕትና ይመስላል። መልሱን ከሰማሁ በኋላ ነው ዋጋው የሚወለደው።

መጀመሪያ የተከራከረኝ መምህር አንዱዓለም ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። በማኅበር በተሰጠው ቦታ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ለመሥራት በየወሩ ደመወዝ በወጣ ማግስት እየመጣ ጥቂት ጥቂት ይገዛል። የዚያን ዕለት ከፊቱ የነበረ የእህል ነጋዴ ያንኑ ቆርቆሮ በሃያ ብር ቀንሶ ሲገዛ ቆሞ አይቷል።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ይኸ ነጋዴ እኔን ከነቤቴ ሊገዛኝ ይችላል» አለኝ። «እሱ ቀንሶ እኔ ጨምሬ እንዴት ይሆናል?»

«እሱ በጥሬው ነው የከፈለው መምህር።»

«የእኔን ደመወዝ እኮ መንግሥት እኔን ሳይጠይቅ ባንክ ነው የሚጥለው። በጆንያ ይሰጠኝ ብዬ ማመልከቻ ላስገባ?»

ለጋሼ ነገርኳቸው። ሳቁና «ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ አስከፍይው» አሉ።

ሁለት ዓመት ያህል ደመወዝተኛው እየጨመረ፣ ነጋዴውና ባላገሩ እየቀነሰ ገዛ። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ዝርፊያ በዛና ጥሬ ገንዘብ ይዞ የአባይን በረሃ የሚወርድ ሾፌር ጠፋ። ከደጀን ወዲያ ገንዘብ ይዘን አንሄድም አሉ፤ ማንም አልፈረደባቸውም። አቅራቢውም ከዛሬ ጀምሮ በባንክ ካልሆነ አልቀበልም አለ። የምንሰበስበው ጥሬ ገንዘብ እዚሁ ባንክ እየተወሰደ፣ የተቀደደው እየተለየ፣ እየተቆጠረ ሊገባ ሆነ።

ጋሼ እንደገና መስኮቴ ላይ ተደገፉ። «አሁን ጥሬ ገንዘብ ነው የሚያስቸግረን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

«ታዲያ የባንኩን ልቀንሰው?»

«ለምን ይቀንሳል? ጥሬውን ከባንኩ በላይ በሠላሳ ብር አስበልጪው።»

የባንኩ ዋጋ እንደነበረ ቆመ፤ ጥሬው ዘሎት ወጣ። እንደ ደረጃ ነበር፤ አንዱ እግር ሲቆም ሌላው ይነሳል። ወደ ታች የወረደ እግር ግን በዚያ መስኮት በነበርኩበት ዘመን አላየሁም። ለእያንዳንዱ ጭማሪ ደግሞ ስም ነበረው፤ አንዴ የማውጫ፣ አንዴ የመቁጠሪያ፣ አንዴ የማስገቢያ። ምክንያቱ አንድም ቀን ውሸት ሆኖ አያውቅም። የሚያናድደኝ እሱ ነበር። ውሸት ቢሆን እምቢ ለማለት ይቀለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ባንኮቹ ጥሬ ገንዘብ አጠራቸው። ደመወዝተኛው የራሱን ገንዘብ ሊያወጣ ሲሄድ በቀን ከዚህ በላይ አንሰጥም ይባላል። መምህር አንዱዓለም ያኔ ቤቱን ማገር አስመትቶ ነበር።

«ግንበኞቹን በስልክ ልላክላችሁ ብላቸው፣ ስልክ አንበላም አሉኝ» አለኝ።

ነገሩ የመጣልኝ ያኔ ነው። ባላገሩ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ይጨመርበታል። መምህሩ ባንክ ውስጥ ገንዘብ አለው፣ ጥሬ አጥቷል። ሁለቱ በአንድ ወለል ላይ አንድ ክንድ ተራርቀው ቆመዋል። መምህሩ የባላገሩን እቃ በስልኩ ቢከፍል፣ ባላገሩ ጥሬውን ለመምህሩ ቢሰጥ፣ ሁለቱም ይድናሉ። መደብሩም የጠየቀውን የባንክ ዋጋ ያገኛል። ማንን ይጎዳል? ብዬ አሰብኩ። ሠላሳው ብር ማንን እንደሚጠቅም ማሰብ ነበረብኝ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ያህል ሰው አገናኘሁ። ሁሉም ተመራርቀው ተለያዩ። በራሴ ብልሃት ደስ ብሎኝ ነበር።

አያ ምህረቴ የመጡት በግንቦት ነው። ይጁቤ አካባቢ የሚያርሱ፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ሰንብተው ወደ እርሻ የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ወይፈንና የዓመቱን ጤፍ ሽጠው ገንዘቡን በጨርቅ ጠቅልለው በጋቢያቸው ሥር ታጥቀዋል። የሚፈልጉት ለአንድ ቤት የሚበቃ ስልሳ ቆርቆሮ ነው። የሣር ክዳኑን አፍርሰው፣ እህሉን በሸራ ሸፍነው፣ ሚስታቸውን ጎረቤት አስጠግተው ነው የመጡት።

«በምንድን ነው የሚከፍሉት አያ?»

«በምን ይከፈላል ልጄ? በገንዘብ ነዋ።»

«በጥሬው ነው በባንክ? በጥሬው ከሆነ በቆርቆሮ ሠላሳ ብር ይጨምራል።»

«እንግዲህ የባንኩ ብስሉ ነው ማለት ነው?» አሉኝ።

«እንበለው።»

«ጥሬ ከብስል የሚወደድበት አገር ዛሬ አየሁ። ብስል እኮ እንጨት ይፈጃል።»

ሻጮቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ልዩነቱ በስልሳ ቆርቆሮ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ነው፤ ለምስማር የያዙት ገንዘብ መሆኑን ቆይቼ ነው የሰማሁት።

መምህር አንዱዓለም በዚያ ሰዓት ሲሚንቶ ገዝቶ ጋሪ ይጠብቅ ነበር። ጠራሁትና ነገሩን አስረዳኋቸው። ተስማሙ። መምህሩ የቆርቆሮውን ዋጋ በስልኩ ላከ፤ ስልኩ «ተሳክቷል» አለ። አያ ምህረቴ ጥቅላቸውን ፈተው ገንዘቡን ሰጡት። የእኔ ስልክ ግን ዝም አለ።

አንድ ሰዓት ጠበቅን። በሲባጎ የታሰረውን ስልክ አነሳሁ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ኔትወርኩ ጠፍቷል። መምህሩ ግንበኞቹ እየጠበቁት ነበር።

«ስልኬ ላይ ያለውን መልእክት አይታችኋል፤ ሄጄ ልምጣ» አለ።

«ሂድ» አሉት አያ ምህረቴ። «መምህር ነህ፤ የት ትገባለህ?» ከዚያ የሲሚንቶ ክምር ላይ ተቀመጡ።

ማኅተም አልመታሁም። የመደብሩ ስልክ መልእክት ካልተቀበለ አይመታም፤ ደንቡ እንዲያ ነው። ኔትወርኩ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ገባ። የአያ ምህረቴ ግን አልገባም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ባንክ ሄድን። መምህሩ ሳይጠራ ነው የመጣው። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አይታ «ከእርስዎ ሒሳብ ወጥቷል» አለችው። «ወደ መደብሩ ግን አልገባም። መንገድ ላይ ነው።»

«በየት በኩል ነው የሚመጣው?» አሉ አያ ምህረቴ።

ልጅቷ ግራ ገባት። «ሲስተም ላይ ነው አባቴ።»

«በደጀን ከሆነ አቀበቱ ላይ መኪና ተበላሽቶበት ይሆናል።»

መምህሩ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። ገንዘቡን ልመልስልዎት እንዳይል ግማሹን ለግንበኞች ከፍሏል፤ ከባንክ አውጥቶ እንዳይተካ ባንኩ አይሰጠውም። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልዋሸም፣ ገንዘቡ ግን ማንም ዘንድ የለም።

አያ ምህረቴ ወደ ሲሚንቶ ክምራቸው ተመለሱ። ማታ ዘመዳቸው ቤት ያድራሉ፤ ጠዋት በራችን ሲከፈት ደርሰው ይቀመጣሉ። አይጮኹም፣ አይሳደቡም። ደንበኛ ሲገባ ግን እኔ ከመጠየቄ በፊት እሳቸው ይጠይቁታል።

«ወንድሜ፣ በጥሬ ነህ በብስል?»

«ምን ማለት ነው?»

ያስረዱታል። በእርጋታ፣ ምሳሌ እየጨመሩ፣ ቅኔ ቤት እንደተማሩት አድርገው ነው የሚያስረዱት። ሁለት ዋጋ መኖሩን በቃል ብቻ ስንናገር ብዙ ጊዜ ከመምህሩ በቀር ማንም ከማንም ጋር አስተያይቶ አያውቅም ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ከተማው በሙሉ አወቀ። ሰው ሳይገዛ ለመስማት ብቻ ይገባ ጀመር።

ጋሼ ጠሩኝ። «ይህን ሰውዬ አስነሺልኝ» አሉ።

«እቃውን እንስጣቸውና ይነሱ።»

«ገንዘቡ ሳይገባ?»

«እንግዲያው ይቀመጡ።»

«ማነው መጀመሪያ ያገናኛቸው?» አሉኝ። ያውቃሉ። እኔም ማወቃቸውን አውቃለሁ።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ሠላሳ ብሩ እንዳይጨመርባቸው ብዬ።»

ጋሼ አልተቆጡም። «ትርንጎ» አሉ፣ «ያ ሠላሳ ብር የአንቺ ደመወዝ የሚከፈልበት ነው።» ይህም ምናልባት እውነት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ዘነበ። የመጋዘናችን ቆርቆሮ ሰው እንዳይሰማ እስኪያደርግ ጮኸ። አያ ምህረቴ ተነስተው በሩ ላይ ቆሙና በይጁቤ አቅጣጫ ያለውን ሰማይ አዩ። አንድ ደንበኛ ዝናቡን ሸሽቶ ሮጦ ገባ፤ አልጠየቁትም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም አሉ። እኔ የፈራሁት ያን ዝምታ ነው። ሲናገሩ ከጋሼ ጋር ነበር ጉዳያቸው፤ ዝም ሲሉ ከእኔ ጋር መሰለኝ።

ወደ ጋሼ ቢሮ ገባሁ። «ዋስ ልሁንና ቆርቆሮው ይውጣላቸው» አልኩ።

«ስንት መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። የዘጠኝ ወር ደመወዜ ነው።»

«ገንዘቡ ባይመጣስ?»

«ዘጠኝ ወር ይቆረጥብኛል።»

ወረቀት አወጡ። ጻፉ፣ አነበቡልኝ፣ ፈረምኩ። ጋሼ በጽሑፍ ይሁን ያሉት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

አያ ቸኮል ስልሳውን ቆርቆሮ በትልቅ መኪና አስጫኑ። አንዱን ጠርዝ በጣታቸው ዳስሰው «ወፍራሙ ነው» አሏቸው። አያ ምህረቴ ሲሄዱ መስኮቴ ጋ መጡ።

«ልጄ፣ ባይመጣ ምን ትሆኛለሽ?» አሉኝ።

«ይመጣል አያ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»

ማኅተሙን አንስቼ ማዘዣቸው ላይ መታሁ። በሥራ ዘመኔ መልእክት ሳላይ የመታሁት ማኅተም እሱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የታሰረው ስልክ ጠቅ ባለ ቁጥር ብድግ አድርጌ አየዋለሁ። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ቢጠይቀኝ «ገንዘቡ መንገድ ላይ ነው» ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ገንዘቡ በስድስተኛው ቀን ገባ። ጠዋት የመሳቢያዬን ቁልፍ ከቦርሳዬ ሳላወጣ ስልኩ ጠቅ አለ። የት ሰንብቶ እንደመጣ ባንኩም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅን። ጋሼ የፈረምኩበትን ወረቀት በእጄ ሰጡኝና ቀድጄ ጣልኩት። መምህር አንዱዓለም በዕረፍቱ እየሮጠ መጣ። ስነግረው መልእክቱን ራሱ ለማንበብ ስልኩን ከእጄ ወሰደ።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ። «ሰዉ የሚያማርረው ልዩነቱን ነው አይደል?» አሉ።

«አዎ ጋሼ» አልን።

«ልዩነቱን አጥፍቼዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በጥሬም በባንክም አንድ ዋጋ ነው። ጻፉና ለጥፉት።»

እኔ ነኝ የጻፍኩት። በትልቅ ካርቶን፣ በቀይ ቀለም። ደስ ብሎኝ ነበር የጀመርኩት፤ ቁጥሩን ሲነግሩኝ እጄ ቆመ። አንዱ ዋጋ ትልቁ ነው። የባንኩ ሠላሳ ብር ወጥቶ ከጥሬው ጋር ተስተካከለ።

ቅሬታ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። ባላገሩ ካርቶኑን አስነብቦ እኩል ሆንን ብሎ ከፈለ። ነጋዴው ከፈለ። መምህር አንዱዓለም ለመጨረሻዎቹ ቆርቆሮዎች ሲመጣ ካርቶኑን ቆሞ አነበበና «አየሽ፣ ሰው ከተናገረ ይሰማል» አለኝ። ከበፊቱ ሠላሳ ብር ጨምሮ እየከፈለ ነበር። ሁልጊዜ «እርስዎ» ሲለኝ ኖሮ በደስታ ብዛት «አንቺ» ማለቱንም አላወቀም። ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት።

አንድ ሰው ብቻ ጠየቀ። አያ ምህረቴ ከመስቀል በኋላ ምስማር ሊገዙ መጡ። ቤታቸው አንድ ጠብታ እንዳላስገባ ነገሩኝ። ካርቶኑን ዓይተው «ጥሬና ብስል እኩል ሆኑ?» አሉ።

«ሆኑ አያ።»

«በየትኛው?»

ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቴ አሳየኋቸው። ገባቸው።

«እንግዲያው ጥሬውን አላበሰላችሁትም» አሉ ምስማራቸውን እየተቀበሉ። «ብስሉን ነው ያሳረራችሁት።»

እኔ ብዙም ሳልቆይ ተሾምኩ። አያ ቸኮል በጡረታ ሲሄዱ ጋሼ የመጋዘን ኃላፊ አደረጉኝ፤ ደመወዜም ጥቂት ጨመረ። «አንቺ ማገናኘት ትወጃለሽ» አሉኝ። «ቆርቆሮን ከቆርቆሮ ብታገናኚ ማንም አይጎዳም።» መጋዘን ውስጥ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው የለም። ስድስት ዓመት ሠርቼ ለቀቅሁ። ጋሼ ሲሸኙኝ ጥሩ ጋቢ ሰጡኝ፣ እውነተኛ እንባም አነቡ። አሁንም ስንገናኝ ጉልበታቸውን ልስም እላለሁ፣ እሳቸው ይከለክሉኛል።

ዛሬ ከይጁቤ ወዲያ ባለች አንዲት የገጠር ገበያ የራሴ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ምስማር፣ ቁልፍ፣ ማጠፊያና ቀለም እሸጣለሁ። በከፈትኩ በሁለተኛው ወር የጋሼ ችግር ከነሙሉ ቁመናው መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። ጅምላ ሻጩ የሚቀበለው በባንክ ብቻ ነው፤ ገበያተኛው የሚከፍለው በጥሬ ብቻ ነው። ጥሬውን ባንክ ለማስገባት በሳምንት አንድ ቀን ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ይጁቤ መሄድ አለብኝ። መሳፈሪያው ከኪሴ ነው፤ የዘጋሁበትም ቀን ከኪሴ ነው።

አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጬ አሰላሁት። ጥሬ ገንዘብ በእርግጥ ያስወጣኛል። እናም ጨመርኩ። በመስኮቱ ዘመን የሰደብኩትን ነገር በእጄ አደረግሁት። ካርቶን ወስጄ እንዲህ ጻፍኩ፦ በስልክ ለሚከፍል ዋጋው ይህ ነው፤ በጥሬ ለሚከፍል በኪሎ ምስማር አምስት ብር ይጨመራል፤ ምክንያቱ ገንዘቡን ይጁቤ ለማድረስ የምከፍለው መሳፈሪያ ነው።

እንደ ጋሼ በቃሌ ብቻ ብናገር ኖሮ በሰላም እኖር ነበር። ካርቶኑ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ማንበብ የሚችለው ላልቻለው ያነብለታል፤ ከዚያ ሁሉም ሒሳብ አዋቂ ይሆናል።

«ሚኒባሱ ለአንድ ሰው ስንት ነው የሚያስከፍለው?» አለችኝ አንዲት በርበሬ ነጋዴ። ነገርኳት።

«በሳምንት ስንት ኪሎ ትሸጫለሽ?» እሱንም ነገርኳት።

በጣቷ ቆጠረች። «እንግዲያው አምስቱ ብር አንቺን አድርሶ መልሶ ለምሳም ይተርፍሻል» አለችኝ።

ቆጠራዋ ልክ ነበር። እዚያው ፊቷ አምስቱን ሰርዤ ሁለት አደረግሁት። በመኸር ሽያጭ ሲበዛ ወደ አንድ ብር አወረድኩት፤ ሚኒባሱ ዋጋ ሲጨምር መልሼ ሁለት አልኩት። ካርቶኑ ስርዝ ድልዝ ሆኗል። ደንበኛዬ ሁሉ ያማርራል፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ግን የማያውቅ የለም።

እናንተ በመስኮት ለምትቀመጡ የሥራ ባልደረቦቼ ከዚህ የተለየ ትምህርት የለኝም። በከፋዩ አኳኋን ዋጋ መለያየት አንዳንዴ ተገቢ ነው፣ አንዳንዴ አይደለም። እኔ የምለየው በዚህ ነው፦ ልዩነቱንና ምክንያቱን ግድግዳ ላይ ለመጻፍ ካላፈርኩ አስከፍላለሁ፤ ካፈርኩ አላስከፍልም።